ማደሪያና መዋያ፦ ለኦርጋኒክ አሳማ ቤትና ደጅ አሠራር

እንደምን አላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በኦርጋኒክ መንገድ የሚረባ አሳማ የሚያድርበትን ቤትና የሚውልበትን ደጅ ስለ መሥራት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚታሰቡት። መጀመሪያ ቤቱ ይሠራል፤ ቀጥሎ የኦርጋኒክ መስፈርቱ «ደጅ ይውጣ» ስለሚል ግድግዳው ተበስቶ በር ይወጣለታል፤ ከበሩ ውጭ አጥር ይዞራል። እንዲህ የተሠራ ግቢ በወረቀት ላይ ደንቡን ያሟላ ይሆናል። አሳማው ግን ውስጡን ያቆሽሸዋል፣ ውጭውን ብዙም አይጠቀምበትም፣ ሠራተኛውም ሲጠርግ ይውላል። አሳማ ቦታን ለመኝታ፣ ለመብያና ለመጸዳጃ የሚከፋፍልበት የራሱ ሥርዓት አለው። ቤቱና ደጁ ያን ሥርዓት ተከትለው እንደ አንድ ሥራ ከታቀዱ ከጽዳቱ ብዙውን ራሱ አሳማው ይሠራዋል። የምናገረው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ከሰውነቱ እንነሳ። አሳማ በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ሲሞቀው ያለው አማራጭ ማለክለክ፣ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተዘርግቶ መተኛትና ቆዳውን ማርጠብ ብቻ ነው። ጭቃ ወይም ውሃ ካላገኘ በሽንቱና በፍጉ ላይ ይንከባለላል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ጓደኞቹን ተጠግቶ ይኮማተራል፣ ገለባ ውስጥ ይቀበራል። የሚፈልገው ሙቀት በዕድሜው በጣም ይለያያል። አዲስ የተወለደ ግልገል ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል። አጠገቡ የተኛችው እናቱ ግን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይስማማታል፤ አየሩ ከ25 ካለፈ መኖዋን መቀነስ ትጀምራለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ በአንድ መጠን ማሞቅ ሁለቱንም አይጠቅምም። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ውስጥ ትንሽ ሞቃት ጎጆ ማበጀት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መኝታና መጸዳጃ። አሳማ ምርጫ ካገኘ ከሚተኛበት ራቅ ብሎ ይጸዳዳል። ለመኝታ የሚመርጠው ደረቅ፣ ነፋስ የማይገርፈው፣ ከኋላው ድፍን ግድግዳ ያለው፣ ማንም የማይተላለፍበትን ስፍራ ነው። ለመጸዳጃ የሚሄደው ወደ እርጥብ፣ ቀዝቃዛና ነፋስ ወደሚነካው ቦታ ነው፤ ሌሎች አሳማዎች በፍርግርግ የሚታዩበትን ጠርዝ በተለይ ይወዳል። ይህን ያወቀ ሰው የክፍሉን ግድግዳ በመኝታው በኩል ከወለል እስከ 1 ሜትር ድፍን ያደርገዋል፤ ደጅ በመጸዳጃው በኩል ደግሞ ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያዋስነውን በብረት ዘንግ ክፍት ይተወዋል። የውሃ ማጠጫውም እዚያው ደጅ ይሆናል፤ ውሃ መፍሰሱ አይቀርምና የሚፈስበትን ስፍራ አሳማው ለመጸዳጃ ይወስደዋል። ማጠጫውን ከመኝታው አጠገብ የተከለ ሰው ገለባውን በየቀኑ ቢቀይርም አይደርቅለትም።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ከማውቃቸው መስፈርቶች ዝርዝሩን በግልጽ የሚያስቀምጠው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ማለት ነው። ለሚደልብ አሳማ የሚጠይቀው ትንሹ ስፋት በክብደቱ ይወሰናል። እስከ 35 ኪሎ ውስጥ 0.6 ካሬ ሜትር፣ ውጭ 0.4፤ እስከ 50 ኪሎ 0.8 እና 0.6፤ እስከ 85 ኪሎ 1.1 እና 0.8፤ እስከ 110 ኪሎ 1.3 እና 1.0፤ ከዚያ በላይ 1.5 እና 1.2። ግልገሎቿን የምታጠባ እናት ውስጥ 7.5፣ ውጭ 2.5 ካሬ ሜትር ይገባታል። የማታጠባ እርጉዝ ሴት 2.5 እና 1.9፤ አውራው 6 እና 8። ከውስጡ ትንሹ ስፋት ቢያንስ ግማሹ ድፍን ወለል መሆን አለበት፤ ቀዳዳ ያለው የፍርግርግ ወለል ከዚያ አያልፍም። መኝታው ላይ ገለባ ወይም ሌላ ተስማሚ የተፈጥሮ ጉዝጓዝ ይነጠፋል፤ ግልገልን በሽቦ ወለልና በሽቦ ሳጥን (ኬጅ) ማሳደግ ክልክል ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ቦታውን እንዴት እንደምንጠቀምበት አይነግሩንም። 20 አሳማ እስከ 110 ኪሎ ለማድለብ የሚሠራ ክፍል ውስጡ 26፣ ውጩ 20 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለምሳሌ ወርዱ 6.5 ሜትር፣ የውስጡ ጥልቀት 4 ሜትር፣ የውጩ 3.1 ሜትር። 110 ኪሎ የደረሰ አሳማ በጎኑ ተዘርግቶ ሲተኛ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። 20ው አንድ ላይ ሲተኙ ከ26ቱ 20 ያህሉ በመኝታ አለቀ፤ የቀረው መብያና መተላለፊያ ነው። ለመጸዳጃ የሚተርፍ ስለሌለ ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ይህ የምንፈልገው ነው። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ነው። እነዚያው 20 አሳማዎች 30 ኪሎ ሆነው ሲገቡ ለመኝታ የሚይዙት 9 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ባዶ የቀረው 17 ካሬ ሜትር መጸዳጃ ይሆናል። አንዴ የለመዱትን ቦታ ደግሞ ሲያድጉም አይተዉትም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ክፍሉን በተንቀሳቃሽ ሳንቃ ወደ 12 ካሬ ሜትር ማጥበብ፤ ይህ በእነሱ ክብደት ደንቡ ከሚጠይቀው እኩል ነው። እያደጉ ሲሄዱ፣ ቀጣዩን የክብደት ደረጃ ከማለፋቸው በፊት ሳንቃው ወደ ኋላ ይገፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወሳኝ ናቸው። አሳማዎቹ ከመግባታቸው በፊት መኝታውን ደረቅ ገለባ አልብሱት፣ ደጅ ያለውን መጸዳጃ በውሃ አርጥቡት፣ ከሌላ ክፍል ትንሽ ፍግ አምጥታችሁ እዚያው ጣል አድርጉበት። የመጀመሪያውን መኖ መኝታው ላይ በተኑላቸው፤ በሚበላበት ቦታ ለመጸዳዳት ያመነታል። ሲነጋ መኝታው ላይ የተገኘውን ፍግ ወዲያው አንሱና በደረቅ ገለባ ተኩት። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ከሳምንት በኋላ «እነዚህ አሳማዎች አመላቸው ክፉ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አመሉን ያስለመደው ግን የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

በሩን በተመለከተ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ማጥበብ ነው። አንድ አሳማ ብቻ የሚያሳልፍ በር ላይ ጉልበተኛው ተጋድሞ ሌሎቹን ይከለክላል፤ የተከለከሉት ውስጥ ይጸዳዳሉ። ለቡድን ወይ ሁለት በር በሁለት ጎን፣ ወይ ሁለት አሳማ ተላልፎ የሚያልፍበት 1.2 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ደፉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ገለባው ወደ ውጭ አይጎተትም። በብርድ ጊዜ የተደራረበ የፕላስቲክ መጋረጃ ይንጠለጠልበታል። መጋረጃውን ግን አስቀድሞ ግማሹን ከፍ አድርጎ ማለማመድ ይገባል፤ አይቶት የማያውቅ አሳማ እንደ ግድግዳ ቆጥሮት ቆሞ ይቀራል።

የሲሚንቶ ደጅ ከመኝታው እየራቀ ከ2 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት ይኑረው፤ ሽንት በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ይውረድ። ከጣራ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በአሸንዳ ለብቻው ይወሰድ፤ ከፍጉ ጋር ከተቀላቀለ ማጠራቀሚያው ያለ ምክንያት ይሞላል፣ ደጁም ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ወለሉ ያንሸራትታል። ግማሹን በጣራ መሸፈን ጥሩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነና ከተከለለ ግን ደጅ መባሉ ይቀራል፣ ፀሐይና ነፋስ አይነካውምና። በኦርጋኒክ እርባታ በየቀኑ የሚሰጠው ድርቆሽ፣ ለምለም መኖ ወይም ሳይሌጅ (አየር ሳይገባው ታምቆ የተቀመጠ ለምለም መኖ) በመደርደሪያ ተደርጎ በደጁ ደረቅ ጎን ይቀመጥ። አሳማውን ወደ ውጭ የሚስበው እሱ ነው። በአፍንጫው የሚቆፍረው ነገርም ያስፈልገዋል፦ ኮምፖስት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም አፈር በሳንቃ ተከልሎ በአንድ ጥግ ይቀመጥለት። የሚቆፍረው ያጣ አሳማ የጓደኛውን ጅራት ማኘክ ይጀምራል።

ሜዳ ላይ የሚረቡት ጉዳይ ሌላ ሒሳብ አለው። እዚህ ቤቱ ትንሽ ነው፤ ከባዱ ሥራ መሬቱ ላይ ነው። ውሃ በቶሎ የሚያሰርግ አሸዋማ አፈርና ረጋ ያለ ተዳፋት ያስፈልጋል። ውሃ ቋጣሪ ጥቁር አፈር ላይ አሳማ ያሰማራ ሰው ዝናብ ሲጥል መንጋውን እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ያገኘዋል። ተንቀሳቃሽ ጎጆው ብዙ ጊዜ ክብ ተደርጎ ከታጠፈ ቆርቆሮ የሚሠራ ነው። ለአንዲት ወላድ የሚሆነው ወደ 2.5 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ሜትር ወርድ፣ በመሐሉ 1.1 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ይህ ከ7.5 ካሬ ሜትሩ በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ስፋት ሜዳው ላይ እንዴት እንደሚታሰብ መስፈርቱን ከሚያረጋግጠው አካል ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይዞር፣ ወለሉ በዙሪያው ካለው መሬት ከፍ ይበል። በጀርባው የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መውጫ ያስፈልገዋል። ሙቀት መከላከያ ያልተገጠመበት ቆርቆሮ በቀትር ምድጃ ነውና በሁለት ንብርብር መካከል መከላከያ ማስገባት፣ ከላይም ነጭ ቀለም መቀባት ይገባል።

አጥሩ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ለትልልቆቹ ሁለት ሽቦ ይበቃል፤ አንዱ ከመሬት 20፣ ሌላው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ። ግልገሎችን ለመያዝ ሦስተኛ ሽቦ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጨመራል። አጥር የማያውቅ አሳማ ሲነዝረው ወደ ፊት ይፈተለካል፤ አጥሩን በጥሶ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጠንካራ አጥር የተከበበ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ትንሽ ገባ ብሎ በተዘረጋ ሽቦ ይለማመዳል፤ ወደ ፊት ቢሮጥ ድፍኑ ይመልሰዋል፣ ወደ ኋላ መሸሽን ይማራል። ሽቦው ላይ አፈር መቆለል ዘወትር የሚታይ ጣጣ ነው። አሳማው ሲቆፍር የሚገፋው አፈር ታችኛውን ሽቦ ይቀብረዋል፣ የኤሌክትሪኩ ጉልበትም በዚያ ወደ መሬት ይፈስሳል። በየማለዳው በመለኪያ ማየትና ዙሪያውን መጥረግ ግድ ነው። መግቢያውን ደግሞ ከእንጨት ወይም ከቱቦ ሥሩት፤ ሽቦ የነበረበትን መስመር አሳማ ሽቦው ቢነሳም አይሻገርም፤ በዚህ የተነሳ መንጋ ማዛወር የግማሽ ቀን ትግል ይሆናል።

መሬቱ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የናይትሮጅን ክምችት ነው። አሳማ ፍጉን በእኩል አይበትንም፤ በጎጆው፣ በመኖውና በውሃው መካከል ያለው ስፍራ ይሞላል፣ የቀረው ባዶ ይሆናል። በኦርጋኒክ ደንብ በሄክታር በዓመት ከፍግ የሚመጣ ናይትሮጅን ከ170 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ከ2022 በፊት የነበረው የአውሮፓ ደንብ ይህንን በሄክታር ወደ 14 የሚደልብ አሳማ ወይም ወደ 6.5 እናት አሳማ ተርጉሞት ነበር። ይህ አማካይ ነው። አማካዩን ጠብቃችሁም አንዱ ጥግ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ከናይትሮጅኑ የሚፈጠረው ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊሰርግ ይችላል። ስለዚህ መመገቢያው በየሳምንቱ፣ ጎጆው ደግሞ በእያንዳንዱ ወሊድ መካከል ቦታ ይቀይር። አሳማው እንደወጣ መሬቱን ሳያቆዩ ናይትሮጅን የሚስብ ሰብል መዝራት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት ወስፋት ነው፤ ለኦርጋኒክ አርቢ ከሁሉ የከፋው ጠላት እሱ ይመስለኛል። የአሳማ ወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ብዙ የኬሚካል ማጽጃ አይገድለውም። ትሉ በጉበት በኩል ሲያልፍ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፣ ጉበቱም በቄራ ይጣላል፤ በሳንባ በኩል ሲያልፍ ያስላል። መድኃኒት ሰጥቶ ያንኑ መሬት ላይ መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚሠራው መሬት ማፈራረቅ ነው፦ አሳማው አንድ መሬት ላይ አንድ ወቅት ቆይቶ፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ለእህልና ለሣር ይሆናሉ። የሚመለሰው ቢያንስ ከአራት ዓመት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔም እንቁላሉ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። በሲሚንቶ ክፍል ደግሞ ደረቅነትና ፀሐይ ያግዛሉ፤ አንዱ መንጋ ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ፍጉን ፈቅፍቆ በጣም በሞቀ ውሃ ማጠብና ማድረቅ ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል።

ወሊድ ላይ ትንሽ እንቆይ። እርጉዝ ሴቶች በቡድን ይኖራሉ፤ ለብቻ የሚሆኑት በእርግዝናው መጨረሻና በማጥባቱ ጊዜ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን በብረት ጎጆ አትታሰርም፤ እንደ ልቧ ትዞራለች። ከመውለዷ አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብላ ወደ ወሊድ ክፍሏ ትግባ። ከወሊዱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ጎጆ የመሥራት ስሜት ይይዛታል፤ በአፍንጫዋ ትቆፍራለች፣ በአፏ ገለባ ትሸከማለች። ለዚህ ቢያንስ 2 ኪሎ ረጅም ገለባ ይቀርብላት። ማቴሪያል ያጣች እናት እረፍት ታጣለች፣ ትነሳለች ትተኛለች፤ ግልገል የሚጨፈለቀው ያን ጊዜ ነው። ከመጠን ያለፈ ገለባም ጉዳት አለው። ጥልቅ ክምር ውስጥ የተቀበረ ደካማ ግልገል እናቱ ስትተኛ አይታያትም፤ ራሱም መውጣት አይችልም። በጠባብ የሜዳ ጎጆ ውስጥ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ ገለባ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከሚሞቱት ግልገሎች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይሞታሉ፤ ዋናው ምክንያትም እናቲቱ ተኝታባቸው ነው። በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ ከወለል ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ብረት ይገጠም፤ እናቲቱ ጎኗን አስደግፋ ስትንሸራተት ግልገሉ ከብረቱ በታች ይተርፋል። ከታች ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሳንቃም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ እሷም ደገፍ ብላ በቀስታ እንድትተኛ ይረዳታል። የግልገሎቹ ሞቃት ጎጆ ክዳን ያለው፣ 1 ካሬ ሜትር ገደማ፣ እናቲቱ የማትገባበት ሆኖ ከመኝታዋ ጎን ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከጡቷ አይርቁም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ለዚያ ቀን ወደ እሷ ቀረብ ብሎ ይሁን፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ወደ ጎጆው ይሳቡ። በሜዳ ጎጆ ደግሞ በበሩ ፊት ዝቅተኛ ከለላ ይቆማል፤ እናቲቱ ተሻግራው ትወጣለች፣ ግልገሎቹ ግን ለመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ይቀራሉ። በጥቂት ቀን ዕድሜያቸው ተከትለዋት ቢወጡ ብርድ፣ ቁራና ቀበሮ ይጠብቃቸዋል። ጡት የሚጥሉት ከ40 ቀን በፊት አይደለም፤ ስለዚህ ክፍሉ ለአራስ ግልገል ብቻ ተሰልቶ ከተሠራ በአምስተኛው ሳምንት ጠባብ ይሆናል።

ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ደጅ ያለ ጥላ ቅጣት ነው። ቆዳቸው ነጭ የሆነ አሳማዎች በፀሐይ ይቃጠላሉ፤ ቃጠሎው እርጉዟን ሊያስወርዳት ይችላል። ዛፍ ከሁሉ የተሻለ ጥላ ነው፣ ደንቡም ዛፍ ላለው ሜዳ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ግን ግንዱ በሽቦ ካልተጠበቀ አሳማው ልጡን ይልጠዋል፣ ሥሩን ቆፍሮ ያወጣዋል። የጭቃ ማጥ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር፣ ከጎጆውና ከመጠጫው ይራቅ፣ ውሃው ይታደስ። ጭቃ ከንጹሕ ውሃ ይሻላል፤ ቆዳው ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ስለሚደርቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያቀዘቅዛል፣ ከፀሐይም ይከላከላል። ማጥ ባይኖር ጥላ ሥር ወለሉን በመርጨት ማርጠብ ይቻላል፤ መርጨት ያለበት ግን መጸዳጃው አካባቢ ነው።

የመጠጥ ውሃ ላይ አጭር ነገር ልበል። የምታጠባ እናት በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች። የኒፕሉ (አሳማው በአፉ ሲገፋው ውሃ የሚለቅ ማጠጫ) ፍሰት ለእሷ በደቂቃ 2 ሊትር፣ ለሚደልቡት 1 ሊትር ገደማ ይሁን፤ ለ10 አሳማ አንድ ኒፕል፣ በአንድ ክፍል ግን ምንጊዜም ከሁለት አይነስ፣ አንዱ ሊደፈን ይችላልና። ሜዳ ላይ መሬት ላይ የተዘረጋ ጥቁር ቱቦ በፀሐይ ውሃውን ያፈላዋል፤ ይቀበር።

በመጨረሻ የቀረው ደጅ የሚያመጣው አደጋ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት መድኃኒት የለውም፤ ከዱር አሳማና ከከርከሮ፣ ከደም፣ ከሥጋ ውጤት፣ ከተበከለ ልብስና ጉዝጓዝ፣ በአንዳንድ ቦታም ከመዥገር ይተላለፋል። አንድ አጥር አፍንጫ ለአፍንጫ መነካካትን አይከለክልም፤ ስለዚህ ቢያንስ 1 ሜትር የተራራቀ ድርብ አጥር ያስፈልጋል፤ የውስጠኛው አሳማውን ይይዛል፣ የውጭው የዱሩን ያርቃል። የዱር አሳማ ከሚመላለስበት ማሳ የተሰበሰበ ገለባ ጥቅም ላይ ሳይውል ቢያንስ 90 ቀን እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ይከማች። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ወደ ግቢው አይግባ፤ ጎብኚም ከቦርሳው ውስጥ ሥጋ ያለበት ዳቦ ይዞ አይግባ። ግቢ ሲገባ የሚለበስ ቦቲና ካፖርት ለብቻው ይኑር። በሽታው በአካባቢው ሲነሳ ባለሥልጣናት መንጋው እንዳይወጣ ሊያዝዙ ይችላሉ፤ ትእዛዙ ሲመጣ ቤት መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የሜዳ አርቢም መንጋው የሚገባበት፣ ጣራ ያለውና ጠንካራ ግድግዳ የተሠራለት ግቢ አስቀድሞ ይኑረው፣ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ገለባም ከትእዛዙ በፊት ተከምሮ ይቆይ።